አስለቃሹ ሌሙኤል

የሌሙኤል ፕራት ሥራ ሰው ማስለቀስ ነበር። አትሳቁ፣ ደሞዝ የሚበላበት ሥራ ነው። ያኔ በሆሊዉድ ፊልም ድምፅ አልነበረውም፤ ስለዚህ ካሜራው ሲዞር የተዋናዩ ሆድ እንዲባባ ከጎን ቫዮሊን ይመታለታል። እኔ ደግሞ ተዋንያንን የምኳኩል ነበርኩ። ሌሙኤል ቫዮሊኑን ባነሳ ቁጥር የለፋሁበት ፊት በእንባ ይታጠባል። ስንቴ ረግሜዋለሁ! ግን እወደው ነበር።

"አንድ ጊዜ በቅሎ አስለቅሻለሁ" ይል ነበር። በቅሎዋን ማን ይጠይቅልን?

ዳግማር ከስዊድን ስትመጣ ጉራው ሁሉ ገደል ገባ። አዲስ ኮከብ ናት፣ ጋዜጣው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሷ ነው። ፊልሙ ላይ ፍቅረኛዋን ወደ ጦር ሜዳ ስትሸኝ ስቅስቅ ብላ ማልቀስ አለባት። ሌሙኤል አንጀት የሚበላ ዜማ ጀመረ። ፍቅረኛዋን የሚጫወተው ክሊፎርድ ገና ቫዮሊኑ ሲቃኝ ነው መነፋረቅ የጀመረው። ዳግማር ግን አዛጋች።

ዳይሬክተሩ ሚስተር ሆብስ ባርኔጣውን ወረወረ። "ስማ፣ ሽማግሌ! እስከ ምሳ ካላለቀሰች የሸክላ ማጫወቻ አስመጣለሁ። እሱ ምሳ አይበላም!"

"ሽንኩርት ልያዝላት?" አልኩ።

"እኔ ቆሜ ሽንኩርት?" አለ ሌሙኤል። በዚያ ዕድሜው ማን ሌላ ይቀጥረዋል? አሳዘነኝ።

የሚያውቀውን ሙሾ ሁሉ አወረደ። እኔ አለቀስኩ፣ መብራት ያዡ አለቀሰ፣ ዳግማር ጥፍሯን ታያለች። የምሳ ደወል ሲደወል ሌሙኤል ተስፋ ቆረጠ።

"መባረሬ ካልቀረ ደስ ብሎኝ ልሂድ!" አለና ሞቅ ያለ የጭፈራ ዜማ ለቀቀ። አናጢዎቹ መዶሻቸውን ጥለው ዘለሉ።

የዳግማር አገጭ ተንቀጠቀጠ። "አባቴ!" አለች በተሰባበረ ቋንቋዋ። "ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ እንዲህ ይመታል፣ እኛ እንጨፍራለን! ቤቴ ልሂድ!" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ካሜራ!" ብሎ ጮኸ ሆብስ። "አንተ ሽማግሌ፣ እንዳታቆም!"

ችግሩ ክሊፎርድ ነበር፤ ዜማው ኮርኩሮት በሳቅ ይፈርሳል። "አዙሩት! ጀርባውን ብቻ!" አለ ሆብስ። ፊልሙ የታየ ጊዜ ተመልካቹ ያንን የሚንቀጠቀጥ ትከሻ አይቶ፣ "ወንድ ማለት እንዲህ ነው፣ እንባውን ደበቀ" ብሎ አደነቀ።

ሌሙኤልም ከሥራው ሳይነቀል ቀረ። ፊልሙን ያየሁት ከእሱና ከሚስቱ ከሄስተር ጋር ተቀምጬ ነው። ሄስተር መሐረቧን አርሳ ጨረሰች።

"ምስኪን ልጅ! ምን ብትጫወትላት ነው እንዲህ ያነባችው?"

ሌሙኤል ደረቱን ነፋ። "የሰርጋችንን ዘፈን ነዋ።"

ሄስተር ማልቀሷን አቆመች። ከዚያ የሆነውን በጨለማው አላየሁም፤ የሌሙኤልን መነጽር ግን ከእግሬ ሥር አነሳሁት።