ቦራን ውሃ ውስጥ ያቆምሁበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ደግሞ ጋሪ ነጂው አያ ደምሴ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ቦራ ነው። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቀይ ፈረስ ሲሆን፣ ከክፍላቸው ጎን በተቀጠለች የቆርቆሮ ጋጣ ውስጥ ያድር ነበር።

ያኔ መብራት በየምሽቱ ስለሚጠፋ፣ እራቴን እንደበላሁ ኩራዜን ይዤ ወደ አያ ደምሴ ዘንድ እሮጣለሁ። እሳቸው እሳት ዳር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጭሱ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው ተረት ይነግሩኛል። ተረታቸው መቼም ስለ ፈረስ ነው፤ «ጅብና ጦጣ ለሌላ ሰው ይሁን» ይሉ ነበር። ፍሙ ሲከስም አመዱን በጣሳ ይዝቁና ወደ ጋጣው ሄደው፣ የቦራን ሰኮና አንድ በአንድ እያነሱ በጨርቅ ካደረቁ በኋላ አመዱን ከእግሩ ሥር ይበትኑለታል። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ተረቱ ካለቀ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእኔ የትልቅ ሰው ሥራ ነበር።

ከሁሉም የምወደው ከጣና የወጣውን ፈረስ ተረት ነው። አንድ ነጋዴ ፈረሱን ደንገል መሐል አድብቶ ይይዘውና ጭኖት አገር ላገር ይዞራል። ከሐይቁ በራቀ በሰባተኛው ቀን ፈረሱ ማነከስ ይጀምራል። ነጋዴው ወጌሻ ቢጠራ፣ መድኃኒት ቢቀባ አልሆነለትም። በመጨረሻ ወደ ጣና መልሶ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቢያቆመው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳነ። ይህን ተረት ስንት ጊዜ እንዳስደገምኋቸው እግዜር ይወቀው።

ትምህርት በተዘጋበት በአንዱ ክረምት ቦራ በፊት ቀኝ እግሩ ማነከስ ጀመረ። ጠጠር ወግቶት ነው፣ ካረፈ ይድናል አሉ አያ ደምሴ። እሱ ሲያርፍ እሳቸው ሥራ ፈትተው መዋል ስለማይችሉ፣ ገበያ ዕቃ ለመሸከም በየጠዋቱ ይወጣሉ። ቦራን ሐይቁ ዳር ካለው ሣር ላይ አስረው፣ «አደራ ሆዴ፣ እስክመለስ እያየሽ ቆይልኝ፤ ውሻ እንዳያስበረግገው» ይሉኝ ነበር።

እኔ ግን ከማየት የተሻለ ነገር አውቃለሁ ብዬ ነበር። አያ ደምሴ ከዓይኔ ሲርቁ ገመዱን ፈትቼ፣ በደንገሉ መሐል አሳልፌ፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ አቆምሁት። መጀመሪያ እምቢ አለ። ኋላ ግን ቀዝቃዛው ውሃ ሕመሙን ሳያደነዝዝለት አልቀረም፤ አንገቱን ጥሎ ጸጥ አለ። ሲመሻሽ፣ አያ ደምሴ ሳይደርሱ፣ አውጥቼ ወደ ሣሩ መለስሁት። ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ እንዲሁ አደረግሁ። እሳቸው የራሰውን እግር ባዩ ቁጥር «ዘንድሮስ የምድሩ እርጥበት ከፋ» እያሉ፣ አመድ ከየጎረቤቱ ለምነው ይጨምሩለት ነበር። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ኩራዙን አበራላቸዋለሁ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ቦራ እግሩን መሬት ማስነካት አቃተው። የብረት ጫማውን የሚገጥምለት ሰውዬ መጥቶ ሰኮናውን ሲያነሳ ጫማው በእጁ ወልቆ ቀረ፤ ሽታው እስከ እኔ ድረስ መጣ።

«ይኼ ውሃ ውስጥ የከረመ ሰኮና ነው» አለ ሰውዬው። «ሰኮና ውሃ ከጠገበ እንደ ራሰ ቆዳ ነው፤ ሚስማር አይዝም። ጠጠር በወጋው በኩል ቆሻሻው ገብቶ ውስጡን በልቶታል።»

«ኧረ አመድ ላይ ነው የሚያድረው» አሉ አያ ደምሴ።

«እኔ ነኝ ውሃ ውስጥ ያቆምሁት» አልሁ። «እንዲድን ብዬ ነው።»

ዞረው አዩኝ። «ማን ነገረሽ ልጄ?»

«እርስዎ።»

አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የቦራን እግር ቀስ አድርገው መሬት ላይ ካስቀመጡ በኋላ፣ «እውነትሽን ነው፣ እኔው ነኝ የነገርሁሽ» አሉ።

ጋሪ ነጂዎች የማይሠራ ፈረስ መንገድ ዳር ይለቃሉ፤ ልማዱ ነው። አያ ደምሴ ከሌሎቹ ዘግይተው፣ ሲያስታምሙት ቆይተው፣ መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን የሚያነክሰውን ቦራን እየሳቡ ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ወጡ። ማታ ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጥለው ብቻቸውን ተመለሱ። ኩራዜን ይዤ ሄድሁ። ተረት አልነበረም። ፍሙ ሲከስም ግን አመዱን በጣሳ ዝቀው ተነሡ፤ ጋጣው በር ላይ ሲደርሱ ጣሳውን እንደያዙ ቆሙ። «በይ ግቢ፣ ይመሻል» አሉኝ ሳይዞሩ። ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው ተረት ሰምቼ አላውቅም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከአባቴ ጋር በአውቶቡስ ወደ መራዊ ስንሄድ ቦራን አየሁት። ዝናቡ ቆሟል፤ ሜዳው ሁሉ ደርቋል። እሱ ግን መንገዱ ዳር ባለው ቦይ፣ ከክረምቱ በተረፈችው ኩሬ ውስጥ አንገቱን ጥሎ ቆሟል። አባቴ «ምን እያየሽ ነው?» አለኝ። «ምንም» አልሁ። ለአያ ደምሴም አልነገርኋቸውም፤ እሳቸውም ይህን ሳያውቁ ሞቱ።

ዛሬ ልጄ ተረት ንገሪኝ ስትለኝ የጅብና የጦጣውን እነግራታለሁ። እሷ ከተኛች በኋላ ግን የማስበው ያቺን ኩሬ ነው። ሕመሙን ስለምታቀዘቅዝለት ይሆናል የቆመባት፤ ፈረስ የሚያውቁ ሰዎችም እንዲህ ይሉኛል። እኔን ግን አንጀቴን የሚበላኝ ሌላው ነው፤ ምናልባት የሚያወጣው ሰው እየጠበቀ ይሆናል። ሲመሻሽ በየቀኑ መጥቼ ከውሃው የማወጣው እኔ ነበርሁ።