አባቴ የመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ላይ እጃቸውን አወጡ

ዛሬ አንድ የማስተርስ ተማሪያችን የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብ አባቴ እጃቸውን አወጡ።

ከደብረ ኤልያስ ለዓይን ሕክምና ደብረ ማርቆስ መጥተው ነው። ቀጠሯቸው ከሰዓት ስለሆነ ከኋላ ወንበር አስቀምጫቸው ነበር። የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ ዲን እኔ ነኝ፤ ሰብሳቢውም እኔው ነበርኩ።

ተማሪው ገበሬው ምርጥ የስንዴ ዘር የማይጠቀመው በግንዛቤ እጥረት መሆኑን በሰንጠረዥ አሳይቶ መጨረሱ ነበር።

አባቴ እጃቸውን ሲያወጡ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዕድል ሰጠኋቸው።

«ግንዛቤውስ አለን፣ ልጄ» አሉት። «ዘሩ የሚደርሰን ዘርተን ከጨረስን በኋላ ነው።»

ፈታኙ ያሉትን ጻፈ። ተማሪው «ከማሻሻያ ጋር» አለፈ።

ወደ ሐኪሙ ስንሄድ «አንተም ዶክተር የተባልከው እንዲህ ያለ ጽፈህ ነው?» አሉኝ።

የእኔም የዶክትሬት ጥናት ስለ ምርጥ ዘር ነው። መደምደሚያው የግንዛቤ እጥረት ይላል። የማዕረግ እድገትም አግኝቼበታለሁ።

«አዎ» አልኳቸው።

«ምነው እኔን ሳትጠይቀኝ?»

«እርስዎ ናሙናው ውስጥ አልገቡም ነበር።»

«እኔስ ቤት ነበርኩ» አሉ።

እናንተስ የጻፋችሁትን ለወላጆቻችሁ አንብባችሁላቸው ታውቃላችሁ? ምን አሏችሁ?