የምክትል ገዥው ዝምታ

ሾፌሩ የማዕከላዊ ባንኩን ምክትል ገዥ ለዓመታት አመላልሷቸዋል። ባንኩ ሲቀጥራቸው ሥራቸው ያረጀ ገንዘብ ለይቶ ማቃጠል ነበር ይባላል። ዛሬ የአገሩ ምንዛሪ በእጃቸው ነው፤ ጫማቸው ግን ተረከዙ የተጠገነ ነው። ሾፌሩ የመኪናውን በር ሊከፍትላቸው ሲል «ተው» ይሉታል። ስለ ሥራ ትንፍሽ አይሉም፤ ሲጨንቃቸው መነጽራቸውን በክራቫታቸው ጫፍ ይወለውላሉ።

ሐሙስ ከሰዓት መኪና ውስጥ ታናሽ እህታቸው ደወለች። ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል።

«ወንድም ጋሼ፣ የስፌት ማሽኖቹን ከውጭ ላስመጣ ነው። የዶላር ክፍያውን ዛሬ ልፈጽም ወይስ ሰኞ? ያለኝ ጥሪት ይኸው ብቻ ነው እንግዲህ!»

«እንደተመቸሽ አድርጊ።»

«ኧረ ተወኝ! ከግድግዳ ጋር ባወራ ይሻለኝ ነበር» ብላ ሳቀች። «በቃ ሰኞ ይሁን።»

ስልኩን ዘጉና መነጽራቸውን አወለቁ። ቤታቸው እስኪደርሱ ሲወለውሉ ነበር።

ዓርብ ጠዋት የአገሩ ገንዘብ ዋጋ በሲሶ መውረዱ በሬዲዮ ታወጀ። ሾፌሩ ክው አለ። «ዛሬ» የምትል አንዲት ቃል እህትየውን ታድናት ነበር። ለሷ ያልወጣች ቃል ለማንም አልወጣችም ማለት ነው።

ወደ ባንኩ ሲሄዱ ስልኩ ጮኸ።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ እህትህ አይደለሁም?»

«እህቴማ ነሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። ባንኩ በር ላይ ሲቆሙ ሰውየው ከወንበራቸው አልተነሡም። ሾፌሩ ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ በሩን ከፈተላቸው።

ዛሬ «ተው» አላሉትም።