የአያ ሁሴን ምስክርነት

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ደሴ ሆጤ ውስጥ ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ከይማም ጋር እኖር ነበር። የሟች አባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ሁሴን፣ ጠበቃ ነበሩ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጎራ ይሉና፣ ከከሰሉ ፍም አጠገብ ተቀምጠው የኩራዙ ጭስ ዓይናቸውን እየቆጠቆጠው ተረት ያወሩልን ነበር። ያኔ በእሳቸው ተረት ውስጥ ደካማ ሁሉ ጠበቃ ነበረው። ነብር የፍየሊቱን ግልገል «ዋሻዬ ውስጥ ስለተወለደ የኔ ነው» ብሎ ሲከስ፣ ጥንቸል ብድግ ትልና «እንግዲያው ጡት አውጣና አጥባው!» ትለዋለች። እኛ በሳቅ እንንከባለላለን። ችሎት ላይም እንዲያ ነበሩ ይባላል፤ መሬቷን የተነጠቀች ባልቴት ፒያሳ ካለው ቢሯቸው እያለቀሰች ገብታ እየመረቀች ትወጣ ነበር።

ለአገሪቱ ሸንጎ የተመረጡ ዕለት ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። እናቴ በግ አሳርዳ ዱዓ አስደረገች። ከዚያ ወዲያ ግን አዲስ አበባ መመላለስ አበዙና ተረቱ ቀረ፤ ሲመጡም ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት ሰላም ብለውን ያልፋሉ።

ይማም ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ሥራ እንደጀመረ ለውትድርና ታፈሰ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። እናቴ እጄን ይዛ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ልጆቹ ራሳቸውን ተላጭተው ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሊሸኟቸው የመጡት እንግዳ አያ ሁሴን ነበሩ። እናቴ ሰዉን ገፍታ መኮንኑ ፊት ቆመች።

«ልጄ ገና አሥራ ስድስት ነው ጌታዬ! ይኸው አጎቱ፤ ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸው፣ ይመስክሩ!»

መኮንኑ የደከመው ሰው ነበር። «ጓድ፣ ያውቁታል? ዕድሜው ካልሞላ አሁኑኑ ይሂድ» አላቸው።

ይማም ፈገግ ብሎ ሊነሳ አንድ ጉልበቱን አነሳ። አያ ሁሴን መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ሕዝቡን አዩ።

«ሞልቶታል» አሉ። «አሥራ ስምንት አልፎታል። እናት አይደለች፣ ምን ታድርግ።»

«አያ ሁሴን! በአላህ ይዤዎታለሁ! የወንድምዎ ልጅ ነው!»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘይነባ፣ እኔ አሁን ሕግ አውጪ ነኝ። የራሱን ሥጋ አስቀረ ልባል?»

ወዲያው ወደ ድምፅ ማጉያው ሄዱ። «የሟች ወንድሜ አንድያ ወንድ ልጅ፣ ይማም፣ ይኸው ከፊታችሁ አለ! እሱን እንኳ አልከለከልኩም!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። የወንድሜ ስም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲጠራ ደስ አለኝ። እኔም ባለ በሌለ ኃይሌ አጨበጨብኩ። እናቴ ዞር ብላ እጆቼን አየቻቸው።

ይማም በሦስተኛው ወር ሰሜን ጦር ግንባር ወደቀ። አያ ሁሴን ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው «አላህ ያጥናሽ» አሏት፤ እሷም ውሃ ቀድታ ሰጠቻቸው፣ ጠጥተው ሄዱ።

አጎቴን ስረግማቸው ኖሬያለሁ፤ እርግማን ቀላል ነው። እናቴ ግን ስለዚያች ጭብጨባ እስክትሞት አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ዛሬም ሰርግ ቤት ሰው ማጨብጨብ ሲጀምር፣ እጆቼን ሻርፔ ሥር እደብቃለሁ።