ደረጃ አንድ ጉንጭ

ቡና ስለቅም ጫት በግራ ጉንጬ እይዝ ነበር። ሱሱ ብዙም አልነበረብኝም፤ አፌ ከሞላ ማንም አያናግረኝም ብዬ ነው። ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የቡና መጋዘን ስድስት ዓመት የሠራሁት በዚህ ዘዴ ነው።

ከዚያ ጉንጬ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣ፤ ቢፈተግም የማይለቅ። ሐኪሙ ትንሽ ቆርጦ ወሰደና ጫት እቅም እንደሆነ ጠየቀኝ። እናቴ አጠገቤ ስለነበረች አልቅምም አልኩ። እሷ ጣራውን አየች።

ለካ እንደ ቡናው ለበሽታም ደረጃ ይወጣለታል። አንድ ቀላሉ ነው፣ ሦስት ለካንሰር የቀረበው። ናሙናዬን ያዩት ሁለት ሐኪሞች አልተስማሙም፤ አንዱ ሁለት ነው ሲል ሌላው ሦስት ነው፣ ጉንጯ ይቆረጥ አለ። በቡና ግን ምርጡ አንድ ነው፤ የአባቴ ቡና ከደረጃ አምስት ተሽሎ ስለማያውቅ እናቴ ሦስት ስትሰማ ፊቷ በራ። አልሐምዱሊላህ ብላ ሳትጨርስ አስረዳኋት፤ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

የቀረችውን ቁራጭ ኪቶ ፉርዲሳ ወደሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ወሰዷት። እዚያ ያለ ወጣት መምህር ሥጋን ከላይ እስከ ታች በንብርብር ፎቶ የሚያነሳ ማይክሮስኮፕ አለው፤ ኮምፒዩተሩ ፎቶዎቹን ደራርቦ መልሶ ሙሉ ሥጋ ያደርጋቸዋል። እኛም ከሐኪሙ ጋር እንድንመጣ ተባልን። ስንገባ አሥራ አምስት ተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ ጉንጬ በር አክሎ ግድግዳው ላይ ይሽከረከራል። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስስቅ ጥርሴን የምሸፍን ነኝ።

መምህሩ ምስሉን አዙሮ አሳየ። መጀመሪያ የታየው ናሙና በሰያፍ ስለተቆረጠ የታመመው ክፍል ከልኩ በላይ ወፍሮ ታይቷል። ተማሪዎቹ ተሽቀዳድመው ጻፉ። መጋዘናችን ውስጥ ግን ፍሬውን በአውራ ጣቷ ሳታገላብጥ የምትፈርድ ለቃሚ ሳምንት አትቆይም።

ኮምፒዩተሩ ሴሎቹን ለክቶ ሲጨርስ ሐኪሙ ወደ እኛ ዞረ።

«ደረጃ አንድ ነው። አይቆረጥም። ጫቱን ግን ተይ፤ በየስድስት ወሩም እየመጣሽ ታይ።»

«ልጄ አትቅምም» አለች እናቴ።

አሥራ አምስት ሰው የጉንጬን ውስጥ ካየ በኋላ ምን ይደበቃል?

«በግራ ነው የምይዘው» አልኩ።

እናቴ ሰፈሩን ዞራ አወራች፤ በቤታችን ደረጃ አንድ ያገኘ ቡናም ሰውም አልነበረም፤ እኔም ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። አሁን ጉንጬ ባዶ ስለሆነ ለቃሚዎቹ ቀኑን ሙሉ ያናግሩኛል። እኔም መልስ መስጠት አለብኝ። ይህ ስንተኛ ደረጃ በሽታ እንደሆነ ሐኪሙን አልጠየቅኩትም።