የካርቶኑ ወረቀት

አሮጌ ሰዓት ስሰበስብ ዓይኔ የሚያርፈው ሰዓቱ ላይ ነው። ሌሎች ሰብሳቢዎች ካርቶኑና የዋስትና ወረቀቱ ካልተሟላ ዞር ብለውም አያዩም። እኔ ደግሞ ሁሉ የተሟላለት ሲገጥመኝ ይጎረብጠኛል። አንዴ የሌላ ሰዓት ካርቶን ታቅፌ ቤቴ ገብቻለሁ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

መካኒሳ የሚኖሩ አንዲት እናት የሟች ባላቸውን ሰዓት ሊሸጡ ነው ብለው ሰዎች ሲነግሩኝ ከነፋስ ስልክ በታክሲ ሄድኩ። የሰዓቱ መስታወት ተጭሯል፣ ማሰሪያው ተቀይሯል። ካርቶኑ ግን ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ገና ሳየው ጠረጠርኩ።

"ባለቤቴ በመጀመሪያ ደሞዙ ፒያሳ አዲሱን የገዛው ነው" አሉኝ በኩራት። "ካርቶኑን ቡፌ ውስጥ ነው ያኖርኩት፤ ሰው አልነካውም።"

ወረቀቱን ገለጥኩ። በፈረንጅ ፊደል የታተመ ነው፤ ቀኑ በእስክሪብቶ ተሞልቷል። ዓመቱን ሳይ ሳቄ መጣ። ይህ ዓይነቱ ሰዓት ገና መሠራት ሳይጀምር ተሸጧል ማለት ነው!

"እማማ፣ ወረቀቱ ፎርጅድ ነው። ካርቶኑም የዚህ ሰዓት አይመስለኝም። ሰዓቱን ብቻ ልግዛዎት።"

"ባሌ ዋሽቶኛል ነው የምትለኝ?"

"እኔ እንጃ እማማ። ምናልባት ከመንገድ ላይ ገዝተውት ይሆናል።"

ሰዓቱን ከእጄ ተቀብለው ካርቶኑ ውስጥ መለሱት። ከዚያ በሩን ከፍተው ቆሙ፤ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን መሥሪያ ቤት ዕቃ ተረክቤ ስፈርም ቀኑን ጻፍኩና እጄ ቀጥ አለ። የጻፍኩት የእኛን ዓመተ ምሕረት ነው። የፒያሳው ባለሱቅስ በምን ሊጽፍ ኖሯል? ስለ ሰዓት የማነበው ሁሉ የፈረንጅ ስለሆነ፣ እኔ ብልጡ የአገሬን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር አነበብኩት። ሰባት ዓመት ስጨምርበት ልክ መጣ። በራሴ አፈርኩ።

ምሳዬን ትቼ መካኒሳ ሄድኩና በራቸው ላይ ቆሜ ስህተቴን ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የበሩን መቃን ያዙ።

"ሦስት ቀን ሙሉ" አሉ፣ "ፎቶው ፊት ተቀምጬ 'ሌላስ ምን ዋሽተኸኛል?' ስለው ሰነበትኩ። ዕድሜ ልኬን ያመንኩትን ሰው! ሙት ወቃሽ አደረግኸኝ፣ ልጄ።"