የኢተያው ገለባ

እናቴ ኮምፖስት የሚሉትን ብስባሽ ማዳበሪያ አታምንም ነበር። «እበት ምን በደለሽ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ አንዴ የያዝኩትን አልለቅም፤ አስተማሪነት ያስለመደኝ ግትርነት ነው። ስልኬ ላይ ያየሁትን ይዤ በጋውን ሙሉ ከጓሯችን ጉድጓድ አልጠፋሁም። የጎመን ቅጠሉን፣ እበቱን፣ ከኢተያ ያስመጣሁትን የስንዴ ገለባ እየደራረብኩ ሳገላብጥ፣ ሽታው አሰላን ሁሉ ያዳረሰ ይመስለኛል።

ሰኔ ሲገባ ኮምፖስቱ ጠቁሮ ፍርፍር አለልኝ። ነፍቼ ግቢው ሣር ላይ ሳሳ አድርጌ በተንኩት፤ በአበባ መደቦቹ ላይ ሁለት ጣት ያህል አለበስኩ። ወንድሜ ከመሞቱ በፊት ለተከላት ጽጌረዳ ግን እጥፍ አደረግሁላት። እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የዚያችን ጽጌረዳ ቅጠል በጣቷ ሳትዳብስ ቁርስ አትቀምስም። ስለ እሱ አታወራም፤ ትዳብሳለች፣ ትገባለች።

በሐምሌ አንድ ጠዋት እጇ ቆመ።

«ምን ነካት? ቅጠሏ ተጨማደደ።»

«ውርጭ ይሆናል» አልኩ።

«በሐምሌ?»

ዕድሜዋን እዚሁ ለኖረች ሴት እንዲህ ያለ ውሸት መዋሸቴ አሳፈረኝ። መደቦቹን ዞሬ ሳይ አበባው ሁሉ አንገቱን ጠምዝዟል። ገለባውን ለሸጡልኝ ገበሬ ደወልኩ።

«ማል ጎና፣ ልጄ፣ ምን እናድርግ እንግዲህ» አሉኝ ሽማግሌው። «ያ ማሳ የአረም መድኃኒት የተረጨ ነበር። መድኃኒቱ ስንዴን አይነካም፣ ሣርንም አይነካም፤ ቅጠለ ሰፊውን ነው የሚጨርሰው። አንዳንዱ ደግሞ ገለባው ላይ ይቆያል። ለጭቃ ምርጊት የፈለግሽው መስሎኝ እኮ ነው፤ ብትነግሪኝ ኖሮ አልሰጥሽም ነበር።»

አልነገርኳቸውም። አልጠየቅኳቸውም። በዝናብ ቁጭ ብዬ ከጽጌረዳዋ ሥር አፈሩን በእጄ ዛቅሁ፤ ጥቁሩ ኮምፖስት ከቀዩ አፈር ጋር ተዋሕዷል፣ የትኛውን ላንሳ? በዛቅሁ ቁጥር ሥሯን ብቻ በጠስኩ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ሲባል የሰማሁት በሕይወቴ ስንት ጊዜ ነው፤ የገባኝ ያን ቀን ነው። ገብቼ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ጽጌረዳዋ ጭራሮ ሆነች። እናቴ ግን ጠዋት ጠዋት መዳበሷን አልተወችም። አንድ እሁድ ጎረቤታችን ከቸርች ስትመለስ በራችን ላይ ቆመች።

«ሣራችሁስ እንዴት አምሯል። ምን አድርጋችሁበት ነው?»

እውነቷን ነው፤ እንደዚያ ለምልሞ አያውቅም። እናቴ ደረቁን ግንድ እንደያዘች ፊቷን ወደ ድምፁ መለሰች።

«ልጄ ናት» አለች። «በጋውን ሙሉ ለፍታበታለች።»